የማንጎዬ ተከራዮች

መጋቢት 3፣ ረቡዕ

ልታገባ ነው! ማህደሬ ልታገባ ነው!

ቀኑ እኮ ተራ ቀን ነበር። ውሃ የሚመጣበት ረቡዕ። ጀሪካኑን ደርድሬ፣ የፀጉር ቤቱን ፎጣ ዘፍዝፌ፣ አንዲት ደንበኛ ካስክ ስር አስቀምጬ... ይርዳው ከቡና መፈልፈያው ለምሳ ገባ። እጁን እንኳ ሳይታጠብ "የኤፍሬም ሰዎች ደውለው ነበር" አለኝ።

"ምን አሉ?"

"ሽማግሌ እንላክ ወይ አሉ።"

"አንተስ?"

"እሺ አልኳቸው።"

ይኸው። ባሌ እንዲህ ነው። ይህን ሁሉ ዘመን አብሬው ኖሬ ከአፉ የሰማሁት ትልቁ ንግግር "እሺ" ነው። እልል ብዬ ስጮህ ደንበኛዬ ካስኩ የፈነዳ መስሏት ብድግ አለች። ፀጉሯ በቢጎዲን እንደተጠቀለለ እስከ ውጭ በር ሮጠች! ባጃጅ ሾፌሮቹ እስካሁን እየሳቁ ይሆናል።

ማህደር ከጤና ጣቢያ ስትመለስ አቅፌያት አለቀስኩ። "እማ፣ ምነው፣ ገና ሽማግሌ እንኳ አልመጣም እኮ!" አለችኝ። የሠርጉ ምሳ የት ይሁን ብላት አዳራሽ አልፈልግም አለች። "እዚሁ ግቢያችን። ማንጎው ስር። እዛ አይደል ያደግሁት?"

ማንጎው ስር... ደስ አለኝ። ግን ተከራዮቼስ?

መጋቢት 5፣ ዓርብ

ዝናብ። ደንበኛ የለም። ስለ ተከራዮቼ ልጻፍ እስቲ፣ ለራሴም ቢሆን።

የሌሊት ወፎች ናቸው። ጣራ ውስጥ የሚገቡት ትንንሾቹ አይደሉም፤ ፍሬ የሚበሉት ትልልቆቹ። የዛሬ ጥቂት ዓመት ማንጎው ሞልቶ ያፈራ ጊዜ መጡ፣ ቤት እንደሚያይ ሰው ዞር ዞር ብለው አዩት፣ ተስማማቸው፣ ቀሩ። ቀን ቀን ጥቅጥቅ ካለው ቅጠል ስር ቁልቁል ተንጠልጥለው ይውላሉ። ክንፋቸውን እንደ ጋቢ ተከናንበው። ፊታቸው ቁርጥ የቡችላ ፊት። ዓይናቸው ትልቅ፣ የሆነ ነገር ሊጠይቅሽ የፈለገ የሚመስል። ጆሯቸው ስር ነጭ ነጥብ አለች፣ ጥጥ የተለጠፈባት ይመስል። ጠዋት ቀና ብዬ "እንዴት አደራችሁ?" ስላቸው አንገታቸውን አዙረው ያዩኛል። ይሰሙኝ ይሆን? ይሰሙኛል።

ወንዶቹ ማታ ማታ ጢን... ጢን... ጢን... ይላሉ። ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው ዛፍ ላይ የወጣ ነው የሚመስለው። ይርዳው መጀመሪያ የሰማ ቀን "ማነው በዚህ ሰዓት ሥራ የገባ?" ብሎ አጥር ለአጥር ፈለገ።

ኪራይ አይከፍሉም። ማንጎውን ግማሹን ገምጠው ቆርቆሮው ላይ ይጥሉብኛል... ድም! ያጠብኩትን ያቆሽሹብኛል። ቢሆንም... አንድ ልጅ ብቻ ወልጄ፣ እሷም አድጋ ሥራ ገብታ፣ ግቢው ጭር ብሎብኝ ነበር። አሁን ጭር አይልም።

ደግሞ ወልደዋል! ሕፃኑ እናቱ ደረት ላይ ተለጥፎ፣ ራሱ ብቻ ከክንፏ ስር ብቅ ብሎ... አንዷን እናት ለይቼ አውቃታለሁ። ክንፏ ጫፉ ላይ ቅድ አለ። ሁሌ ከቤቱ በኩል ያለው ዝቅተኛው ቅርንጫፍ ላይ ናት። "እመት" ብዬ ስም አወጣሁላት። ኩሩ ናት። ቀና ስል የማታየኝ እሷ ብቻ።

መጋቢት 8፣ ሰኞ

ዛሬ በሳቅ ሞትኩ።

የሌሊት ወፍ ሽንት ራስ ላይ ካረፈ ላሽ ያወጣል ይባላል አይደል? ፀጉሩ ክብ ክብ እየሠራ ይረግፋል ይባላል። ይህን የምታምን ሴት ሁሉ ደግሞ ሹሩባ ልትሠራ የምትመጣው የት ነው? እኔ ጋ! ከውጭ በር እስከ ፀጉር ቤቴ ለመድረስ በማንጎው ስር ማለፍ ግድ ነው። ስለዚህ በሩ ላይ ሲደርሱ ከቦርሳቸው ፌስታል ያወጣሉ፣ ራሳቸው ላይ ያጠልቃሉ፣ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ይሮጣሉ። ሲወጡም እንዲሁ። መንገደኛ ቢያይ ምን ዓይነት ፀጉር ቤት ነው ይላል?

ዛሬ ሐሴት፣ ዩኒቨርሲቲ የምትማረው ደንበኛዬ፣ ተሠርታ ስትጨርስ አዲሱን ሹሩባዋን በጥቁር ፌስታል ሸፍና በሩ ላይ ቆመች።

"እትዬ የሺሃረግ፣ ፀጉር ሠሪ ሆነሽ ፀጉር አርጋፊ ታኖሪያለሽ?"

"ማንጎ ነው የሚበሉት፣ ምን አደረጉሽ?"

"ሽንታቸውስ?"

"እኔ በቀን ስንቴ ስራቸው እመላለሳለሁ። ረገፈ?" ሻሼን አውልቄ ጎንበስ አልኩላት።

በጣቷ ከፈል ከፈል አድርጋ ፈተሸችኝ። የምር ፈተሸችኝ! "አንቺን ለምደውሽ ይሆናል" አለችና ሮጠች።

መጋቢት 10፣ ረቡዕ

ረቢያ ለአፍጥር ጠራችኝ። ግቢያችንን የሚለየው የቀርከሃ አጥር ብቻ ነው፣ ሳል እንኳ ስንስል እንሰማማለን። ወላጆቿ ከጅማ በኩል መጥተው እዚህ የቀሩ ናቸው፤ ባሏ ዐብዱልጀባር መንገድ ዳር ሱቅ አለው።

በረንዳዋ ላይ ተቀመጥን። ቴምሩ ተዘርግቷል፣ ሳምቡሳው ይሸታል። አዛን ሊሆን ሲል ረቢያ ቀና አለች። እኔም። እነሱ መውጣት ጀመሩ... መጀመሪያ አንድ፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ ማንጎው በሙሉ የተነሣ ይመስል። ድምፅ የላቸውም። ወደ ቡናው ዱር አቅጣጫ።

"የሺዬ፣ እነዚህ ተከራዮችሽ ፆመኞች ናቸው" አለች። "ቀኑን ሙሉ አፋቸው ምንም አይገባ። ፀሐይ ስትጠልቅ ይኸው።"

"ሌሊቱን በልተው ሊነጋጋ ሲል ይመለሳሉ ደግሞ" አለ ዐብዱልጀባር። "ከአንዳንድ ሰው ይሻላሉ።" ወደ ሚስቱ ወንድም ወደ ሻሚል አየ። ሻሚል ሳምቡሳውን ቀድሞ አንሥቶ ኖሮ በአፉ እንደያዘ ቀረ።

ምናለ ሁሉ ሰው እንደ ረቢያ ቢያያቸው።

መጋቢት 14፣ እሑድ

እንዴት ልጻፈው?

ሽማግሌዎቹ መጡ። የኤፍሬም እናት እትዬ አጸደም አብራ ከቱም ከተማ መጣች። ጨርቅ ነጋዴ ናት፣ ባሏ ሞቶባት ኤፍሬምን ብቻዋን አሳድጋ አስተማሪ ያደረገች። ገና ከሚኒባስ ስትወርድ ድምፅዋ ተሰማ። ወደድኳት! እንደ እኔ ወሬኛ ናት።

ወንበሩን ማንጎው ስር የደረደርኩት እኔ ነኝ። ማንም አላዘዘኝም። ጥላ አለው፣ ያምራል፣ ሠርጉም እዚሁ ስለሚሆን ይዩት ብዬ። ደግሞ ተከራዮቼን ላሳያቸው ፈልጌ... እውነቱን ልጻፍ፣ ልኮራባቸው ፈልጌ ነው።

ትልቁ ሽማግሌ እንጸልይ አሉ። ሁላችን ዓይናችንን ጨፈንን። ጸሎታቸው ረጅም ነው፣ ከአዳምና ከሔዋን ጋብቻ ነው የጀመሩት። አብርሃም ጋ ሲደርሱ ጠብ የሚል ነገር ሰማሁ። አንድ ዓይኔን ገለጥኩ። እትዬ አጸደም አንድ ዓይኗን ገልጣለች። አዲሱ ነጠላዋ፣ ትከሻው ላይ፣ ቢጫ... ወይ አምላኬ። መናገር አልቻለችም፣ ጸሎት ነው። ፊቷ ግን ይቀያየራል። ሽማግሌው ይስሐቅን ጨርሰው፣ ያዕቆብን ጨርሰው፣ ወደ ቃና ዘገሊላ ተሻገሩ። መቼም እንደዛ ረጅም ጸሎት አይቼ አላውቅም።

"አሜን! ይሄ ምንድን ነው?!"

ቀና አለች። አየቻቸው። ወንበሯን ጥላ በረንዳው ላይ ወጣች።

"ከራሴ አንድ ስንዝር ነው የሳተኝ! የልጄ ሚስት እዚህ ስር በቬሎ ልትቀመጥ ነው? ሸንተውባት፣ በጫጉላዋ ፀጉሯ ተራግፎ?"

"እትዬ አጸደ፣ እርስዎ እንደሚሉት አይደለም፣ እኔን ይዩኝ..."

"አንቺን ምን አደርግሻለሁ የማህደር እናት! ሙሽራዋ አንቺ ነሽ? ወይ ዛፉ ይቆረጥ ወይ ምሳው ቱም ይሁን። ይኸው ነው።"

 ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት ያያሉ። ማህደር በበሩ ቀዳዳ ታያለች፣ ከንፈሯን ነክሳ። እና ባሌ... ይርዳው... "እሺ" አለ። "ይቆረጣል።"

መጋቢት 15፣ ሰኞ

አላናገርኩትም። ሽሮውን ግን ሠርቼ አስቀመጥኩለት። በላ።

መጋቢት 16፣ ማክሰኞ

"ምን ነካህ?" አልኩት በመጨረሻ።

"ምን ልበል የሺ? አንድ ልጃችንን ቱም ወስደው ይዳሯት? እኛ እንግዳ ሆነን?"

"እንነጋገር ማለት አይቻልም?"

"ሰው ፊት ወጥቷል። ሽማግሌ ፊት።" ባለ መጋዙን ቲቶን ለመጪው ሳይሆን ለሚቀጥለው ቅዳሜ ቀጥሮታል። ለመጋቢት ሃያ ሰባት።

"ልጅ ያቀፉ አሉ እኮ።"

"ክንፍ አላቸው፣ ይሄዳሉ።"

ክንፍ አላቸው... የት ነው የሚሄዱት?

መጋቢት 18፣ ሐሙስ

ማህደር መጥታ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ሕፃን እያለች እንደምታደርገው።

"እማ፣ ይቆረጥ በቃ። ገና ሳልገባ ከኤፍሬም እናት ጋር መጣላት አልፈልግም። ኤፍሬምም መሃል ገብቶ ተጨንቋል።"

"አንቺስ ዛፉን አትፈልጊውም?"

 ግድግዳውን አየች። ከዚያ አለቀሰች። ይህቺ ልጅ ለእኔ ብላ ለማልቀስ እንኳ ዞር ትላለች። እኔ ደግሞ ለሌሊት ወፍ ብዬ የልጄን ሠርግ ላውክ? ምን ዓይነት እናት ነኝ?

መጋቢት 21፣ እሑድ

ኢድ ነው። ረቢያ በትልቅ ሳህን ምግብ ልካ ሳትጨርስ ራሷ መጣች። ነገርኳት፣ ሁሉንም። እያወራሁ ዓይኔ ከአጥሩ ጥግ ዶሮዎቿን የጋረደችበት አሮጌ አጎበር ላይ አረፈ። እና መጣልኝ!

አጎበር! በየጊዜው ይታደለናል፣ ያረጀው በየቤቱ ሞልቷል። አንዱ ችግኝ ይሸፍንበታል፣ አንዱ ዶሮ ያጥርበታል፣ አንዱ ቀድዶ ገላ ማሻሻ ያደርገዋል። (ማህደር ይህን ስታይ ትበሳጫለች። "ወባን ብቻ ነው የማትከላከሉበት" ትላለች።) ሰፍተን ብናያይዘውና እነሱ ማታ ሲወጡ ማንጎውን ብናለብሰውስ? ሲመለሱ ቤቱ ዝግ ነው፤ ወደ ሌላ ዛፍ ይሄዳሉ። ዛፉ ይተርፋል፣ ምሳው እዚህ ይሆናል፣ የይርዳው ቃልም አይታጠፍም። ዛፍ ይቆረጥ ያለችው በነሱ ምክንያት አይደል?

መለየቱ ይከብደኛል። ግን ከመጋዝ ይሻላል።

ይርዳው "እሺ" አለ። እትዬ አጸደ ጋ ራሴ ደወልኩ። "ዓርብ እመጣለሁ፣ በዓይኔ ካላየሁ አላምንም። መጋዙን እንዳትመልሱት" አለችኝ።

መጋቢት 26፣ ዓርብ

ሰፋን ሰፋን ጣታችን አለቀ። እኔ፣ ረቢያ፣ ሐሴት እንኳ ሹሩባዋን ልታስፈታ መጥታ መርፌ ያዘች። ተከራዮቼ እንደወጡ ይርዳው ወጣ፣ ዐብዱልጀባር መሰላሉን ያዘ። እስከ ታች አለበስነው።

እትዬ አጸደ በመጨረሻው ሚኒባስ ደረሰች። ዞር ዞር ብላ አየችው። "ጎበዞች። ዛፉ ራሱ ሙሽራ መሰለ እኮ" አለች። የማህደር አልጋ ላይ አስተኛኋት።

እውነትም ሙሽራ ይመስላል። ለምን ደስ አላለኝም?

መጋቢት 27፣ ቅዳሜ

ቀኑን ሙሉ ሳልጽፍ ውያለሁ። ቢሆንም ልጻፈው።

ጎህ ሲቀድ ጩኸት ቀሰቀሰኝ። ቀጭን። የሕፃንም የአይጥም የሚመስል። ወጣሁ። አጎበሩ ይንቀሳቀሳል። ሁሉም ቦታ። ሊገቡ ሞክረው መረቡ ክንፋቸውን ጠፍሯቸዋል፣ ክሩን በጥርሳቸው ያኝካሉ። የቀሩት ከላይ ይዞራሉ፣ ይዞራሉ፣ መግቢያ ፍለጋ።

እኔ ነኝ ያደረግሁት። ይሄዳሉ ብዬ! ሰው ቤቱን ተዘግቶ ቢያገኘው ይሄዳል እንዴ? ይገፋል እንጂ!

ልሮጥ ስል ማህደር ቀሚሴን ያዘችኝ። "እማ! በባዶ እጅሽ እንዳትነኪያቸው! ይነክሳሉ፣ በሽታ አለው!" የፀጉር ቀለም የምቀባበትን ጓንት አመጣች፣ ድርብርብ አድርጌ አጠለቅሁ። መቀሴን ያዝኩ። ይርዳው ከላይ መሰላሉ ላይ ሆኖ ይቆርጣል፣ ማህደር መሰላሉን ይዛለች። ከታች ያለውን መረብ የሚወጥርልኝ ሰው ጠፋ። ልቅ ሲሆን ይብሱን ይተበተባሉ።

እትዬ አጸደ በሩ ላይ ቆማለች። በሌሊት ልብሷ። ራሷ ላይ ፌስታል።

"ነይ ያዢልኝ!" አልኳት። አንቺ አልኳት! እስከ ትናንት እርስዎ ነበር።

"እኔ? አልነካም!"

"መረቡን ነው! ወጥሪው!"

መጣች። ፊቷን ወደ ኋላ አዙራ ወጠረችልኝ። አንዱን ፈታሁ፣ ወደቀ፣ ተነሣ፣ በረረ። ሌላውን። ሌላውን። አንድ ትልቅ ወንድ ግን... አንገቱ ላይ ነበር ክሩ። ቀድሞ አልቆ ነበር። እሱን ጎን አደረግሁት፣ እያለቀስኩ ቀጠልኩ።

ከዚያ ዝቅተኛው ቅርንጫፍ ጋ እመት። ራሷም ልጇም አንድ ላይ ተጠቅልለው።

እትዬ አጸደ አሁን ፊቷን አላዞረችም። "ይሄ ደረቷ ላይ ያለው ምንድን ነው?"

"ልጇ ነዋ።"

"ምን እያደረገ ነው?"

"እየጠባ ነው።"

"ጡት አላት?"

"አላት። እንደ እኔና እንዳንቺ፣ ደረቷ ላይ።"

"እንዲህ ታስራም ታጠባለች?" መረቡን ይበልጥ ወጠረችልኝ።  ከዚያ ለራሷ እንደምታወራ፣ ቀስ ብላ፣ "አራስ ናታ" አለች። "ምነው ሳትነግሪኝ? አራስ ናት እኮ!"

እመት ጓንቴን ነከሰችኝ፣ የልቧን አደረሰች፣ ትነክስ! የመጨረሻው ክር ሲቆረጥ ወዲያው አልበረረችም። አጸደ የያዘችው መረብ ላይ ተንጠልጥላ ትንፋሿን ሰበሰበች። ያቺ በጸሎት መሃል ነጠላዋ ስለተነካ በረንዳ ላይ የወጣች ሴት ንቅንቅ አላለችም። እመት ክንፏን ዘረጋች፣ ልጇን እንዳቀፈች ሄደች።

"ሸናችብኝ" አለች አጸደ። አልተቆጣችም። ማህደር በውሃና በሳሙና እያሻሸች እስክታጥባት ድረስ እጇን እንደዘረጋች ቆመች።

ከዚያ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ፌስታሉን ከራሷ አወለቀች።

"ኤፍሬምን ማጂ ነው የወለድኩት" አለች። "አባቱ ለሥራ ሩቅ ሄዷል። ገና አራስ ቤት ነኝ፣ ደሜ አልደረቀም፣ የቤቱ ባለቤት የተሻለ የሚከፍል አገኘ። እግር አላት፣ ትሄዳለች አለ። ሄድኩ። በዝናብ። እንደዚህች ደረቴ ላይ አስሬው። በራቸውን የዘጉብኝን ሰዎች ስም እስከ ዛሬ አልረሳሁም።"

ይርዳው መሰላሉ ስር ቆሞ ነበር። "ክንፍ አላቸው" ያለው ትዝ ብሎት መሰለኝ፣ መሬት መሬት አየ።

በዚህ መሃል ቲቶ መጋዙን ተሸክሞ ከች አለ!

"የኔ ልጅ፣ ተመለስ" አለችው አጸደ። "አራስ ያለችበት ቤት አይፈርስም።"

ቲቶ ግራ ገባው። "የማን... አራስ?" ዓይኑ ሄዶ ማህደር ላይ አረፈ።

"እኔ አይደለሁም!" ማህደር ጮኸች።

ሳቅን። ከለቅሶ ጋር ተቀላቅሎ። ይርዳውን "መቁረጡ ቀርቷል፣ ሰማህ?" አለችው አጸደ። ምን አለ? "እሺ" አለ። መቼም እንደዛሬ ጣፍጦኝ አያውቅም።

የሞተውን ጓሮ ሙዙ ስር ቀበርኩት። አጎበሩን አቃጠልኩት።

መጋቢት 28፣ እሑድ

የሉም። አንድም።

መጋቢት 30፣ ማክሰኞ

አጸደ ከቱም ደወለች። ሰላም እንኳ ሳትለኝ "መጡ?" አልመጡም። "አይ..." አለች። ዘጋችው።

ደንበኞቼ ያለ ፌስታል ይገባሉ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር አይደል? ጠዋት ቀና ብዬ "እንዴት አደራችሁ" እላለሁ፣ ለቅጠል።

ሚያዝያ 2፣ ሐሙስ

ደግሞ ደወለች። "መጡ?"

ማንጎው እየበሰለ ይወድቃል፣ ሳይገመጥ። ሙሉውን። ይርዳው አንዱን አነሣና "ይሄን ያህል ጤነኛ ማንጎ ምን ሊያደርግልኝ ነው" አለ። ይርዳው! ይህን ያህል ቃል! አቀፍኩት።

ማህደር የሠርጉን ቀን እንቁረጥ ትላለች። አጸደ ግን "ትንሽ ቆዩ፣ ባዶ ቤት ላይ ድንኳን አልጥልም" አለች። ሰው እንዲህ ይለወጣል?

ሚያዝያ 6፣ ሰኞ

ድም!

ገና አልነጋም። ቆርቆሮው ላይ። ግማሽ ማንጎ!

ወጣሁ፣ ነጠላ እንኳ አልደረብኩም። አሉ። ሁሉም አይደሉም፣ ግን አሉ። ዝቅተኛው ቅርንጫፍ ላይ እመት! ልጇ ወፍሯል። ቀና አልኩ... ዛሬ አየችኝ። ለጠየቀኝ ሁሉ እምላለሁ፣ አየችኝ።

አጸደ ጋ ደወልኩ። ስልኩን አንሥታ ሳትናገር "መጥተዋል!" አልኳት። እልልታዋ ከቱም ያለ ስልክም ይሰማ ነበር።

ሚያዝያ 11፣ ቅዳሜ

የፋሲካ ዋዜማ። አጸደ መጣች፣ አንድ ትልቅ የሙዝ ዘለላ በትከሻዋ ተሸክማ፣ የሠርግ ዕቃ መስሎኝ ልቀበላት ስል ከለከለችኝ።

"ይሄ ያንቺ አይደለም። አራስ ሲጠየቅ ባዶ እጅ ይኬዳል እንዴ?"

ይርዳው ገመድ አመጣ። ዝቅተኛው ቅርንጫፍ ላይ ሰቀልንላት። አጸደ ቀና ብላ፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ "እንኳን ማርያም ማረችሽ" አለች። አለችና ዞር ብላ አየችኝ፣ ሽማግሌዎቹ የሰሟት ይመስል፤ እኛ ጴንጤዎች እንዲህ አንልማ! "አፌ ለምዶት ነው፣ እናቴ ኦርቶዶክስ ነበረች" አለች። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ።

አመሻሽ ላይ ከሥር ቆመን አየን። ሲወጡ አንዷ ዘለላው ጋ ቆየት አለች። እሷ ትሁን አትሁን አልለየሁም። አጸደ ግን ለየች። "እሷ ናት። አራስ አራስን ታውቃለች።"

ሚያዝያ 16፣ ሐሙስ

የድንኳኑ ነገር ደግሞ አለ። ዛፉ ይኑር፣ ደህና። ግን ቬሎ ለብሶ ማንጎ ስር መቀመጥ... ሰበብ አልፈልግላቸውም፣ ይጥሉባታል። ግቢው ደግሞ ከማንጎው የተረፈው ጠባብ ነው። እኔና አጸደ ስንለካ፣ ስንከራከር፣ ገመድ ስንስብ ዋልን። "እዚህ!" "እዛ ሙሽራው እግሩን የት ይዘርጋ?" "እግሩን አጣጥፎ ያግባ!"

ረቢያ በአጥሩ ቀዳዳ ስታየን ኖሮ፣ "እናንተ ሰዎች" አለች፣ "ይሄ አጥር ምን ይሠራል?"

"እንዴት ምን ይሠራል?"

"የኔ ግቢ ባዶ ነው። አጥሩ ይነሣና ድንኳኑ እኔ ጋ ይሁን። ማንጎው እንደ ጌጥ ከፊታችሁ ይታያል፣ እነሱም ሰላም ያገኛሉ።"

ዐብዱልጀባር ሱቁን ዘግቶ መጣ። ምንም አልጠየቀም፣ ቀርከሃውን ከጥግ ጀምሮ ይነቅል ጀመር። ይርዳው ከዚህ በኩል። መሃል ላይ ሲገናኙ ተጨባበጡ፣ ዘመድ ከጉዞ የተቀበለ ይመስል። ያ ሁሉ ዓመት በቀዳዳ ነበር ለካ የምንተያየው!

ሚያዝያ 19፣ እሑድ

ተቆረጠ። ቀኑ ተቆረጠ!

ሁለት ምድጃ ይሆናል። በዚህ በኩል እኔና አጸደ፣ በዚያ በኩል ረቢያ። በሬው ለክርስቲያኑ፤ ለሙስሊሙ እንግዳ ዐብዱልጀባር ራሱ በጎችን ባርኮ ያርዳል፣ ሳህኑም ለየብቻ፣ ማንም እንዳይሳቀቅ። ኤፍሬም ዛሬ መጥቶ ግቢውን ከዳር እስከ ዳር ተራመደው፣ ማህደር ከኋላው እየሳቀች። ከማንጎው ስር ቆም አሉ፣ ሁለቱም ቀና ብለው። ምን እንዳወሩ አልሰማሁም። አልጠይቅም።

ሙዚቃው አመሻሽ ላይ ዝም ይላል ብያለሁ፤ ሲወጡ እንዳይደነግጡ። አጸደ "ዝም ብቻ? ሰው ሁሉ ተነሥቶ ይሸኛቸዋል!" አለች።

ጥሪው በቃል ነው፣ ከነገ ጀምሮ ቤት ለቤት እዞራለሁ። እስቲ ልለማመደው... የቱም ሰዎች፣ የማጂ ሰዎች፣ የመፈልፈያው ሠራተኞች፣ የጤና ጣቢያው፣ የቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን፣ የሱቅ ሰፈሩ፣ ሐሴትና ጓደኞቿ፣ ቲቶም ያለ መጋዙ። ልጄን ልድር ነው። አጥር የለንም፣ በየትኛውም በኩል ግቡ። ማንም እንዳይቀር።

ቅዳሜ፣ ግንቦት ዘጠኝ!